ቆዳውን ጥለን ዱቄቱን መግዛት

 

ለጀመዓችን ደጋግመው ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ኮላጅን ነው። ኳስ የሚጫወቱና ጂም የሚሠሩ ወንድሞች ለጉልበትና ለጅማት፣ እህቶች ለቆዳና ለፀጉር፣ ሌሎች ደግሞ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻቸው ቁርጥማት ብለው በቆርቆሮ የታሸገውን ዱቄት ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፤ ከዓረብ አገር የምትመጣ ዘመድ ካለችም አደራ ይሏታል። ጥያቄው ሁልጊዜ «ሐላል ነው ወይ?» የሚል ነው። መልካም ጥያቄ ነው። ግን ከጎኑ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ ዱቄት ለታመመው ጉልበት ይበጀዋል ወይ? እኛ ሁለቱንም ተመልክተን የያዝነው አቋም ግልጽ ነው፤ የተማሪ ብር መውጣት ያለበት እዚያ ላይ አይደለም።

ኮላጅን የሰውነታችን ማሰሪያ ነው። በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ከአራት አንዱ፣ ቢበዛም ከሦስት አንዱ እሱ ነው። አጥንት፣ ጅማት፣ ቆዳ፣ በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ፣ ጡንቻን ሸፍኖ የሚይዘው ስስ ሽፋን፣ ሁሉም በእሱ ይያዛሉ። መንዝ የደረሰ ሰው ከጓሳ ሣር የሚገመደውን ገመድ ያውቃል፤ ኮላጅንም ሦስት ክሮች ተጠምዝዘው የሚሠሩት ገመድ ነው። ገመዱ ሲቀቀል ይፈታል፤ ያኔ ጄላቲን ይባላል። የበግ እግርና ቅልጥም ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ መረቁ በደብረ ብርሃን ብርድ ሲያድር ረግቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጄላቲኑን ይበልጥ ሲሰባብሩት ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዱቄት ይሆናል። ጥሬ ዕቃው የከብት ቆዳና አጥንት፣ የዓሣ ቆዳ፣ የአሳማም ቆዳ ነው።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። አረፋም ሆነ ፋሲካ ባለፈ ማግስት በየከተማው መንገድ ዳር የተጣለ የበግ ቆዳ ማየት ተለምዷል፤ የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ፈላጊ ጠፍቷል። አያቶቻችን ለምድ አድርገው የለበሱት፣ አጎዛ አድርገው የተኙበት ቆዳ ቦይ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ ከማናውቀው እንስሳ ቆዳ የሠራው ዱቄት ደግሞ በውድ ይገባል።

ወደ ሐላሉ ጉዳይ እንምጣ። ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ ከማዘዛችን በፊት «ሥጋው የማን ነው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች ነን። የመንዝ ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛችን ከቤቱ ቋንጣ ይዞ ሲመጣ እንደማንበላለት ያውቃል፤ እኛም እንደማይበላልን እናውቃለን፤ ማንም አይቀየምም። ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ግን ጥንቃቄው ይላላል። «ቦቫይን» የሚል ቃል ሲነበብ «የከብት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከብት መሆኑ ስለ አስተራረዱ የሚነግረን ነገር የለም። «ፖርሳይን» የአሳማ ነው። «ማሪን» ወይም «ፊሽ» የሚለው ከዓሣ የተሠራ ነው፤ ዓሣ መታረድ ስለማያስፈልገው በዚህ በኩል ቀላሉ እሱ ነው። ከምን እንደተሠራ ጭራሽ ያልተጻፈበትም አለ። ዱቄቱን ትተው እንክብሉን ለሚወስዱም፣ የእንክብሉ ቅርፊት ራሱ ብዙውን ጊዜ ጄላቲን መሆኑ ይታወስ።

ዑለማዎች በጉዳዩ ላይ አንድ ቃል አይደሉም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ዐማን ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ከአሳማ የሚወጣ ጄላቲንን በምግብ ውስጥ መጠቀም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ኩዌት የሚገኘው የእስልምና የሕክምና ሳይንስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባዘጋጀው ጉባኤ ደግሞ፣ ነገሩ ፈጽሞ ወደ ሌላ ነገር ከተለወጠ (ኢስቲሓላ) ሑክሙም ይለወጣል በሚል ፈቅዷል። በአገራችን በሰፊው በሚቀራው በሻፊዒ መዝሀብ የኢስቲሓላ በር ጠባብ ነው። የመይሙና (ረ.ዐ) ነፃ የወጣች አገልጋይ በግ በሞተች ጊዜ የሆነውን ብዙዎቻችን ቀርተነዋል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቆዳዋ ለፍቶ ጥቅም ላይ እንዲውል ጠቁመዋል፤ ክልክሉ መብላቷ መሆኑንም አስረድተዋል። የለፋ ቆዳ ላይ መቀመጥና ቆዳን ቀቅሎ መጠጣት አንድ አይደሉም ማለት ነው። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ፈትዋው የኡስታዞቻችን ነው። የምንለው ይህን ነው፦ ሰው ሹብሃ ያለበትን ነገር ለመውሰድ ብርቱ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ዱቄቱ ደግሞ ያን ያህል ብርቱ ምክንያት የለውም።

ምክንያቱም የተጠጣ ኮላጅን ቀጥ ብሎ ወደ ጉልበት አይሄድም። ሆድ ውስጥ ተሰባብሮ አሚኖ አሲድና ትንንሽ ቁርጥራጭ ይሆናል፤ ሰውነትም ወደፈለገበት ይወስደዋል። በእርጅናና በድካም በሚመጣው የጉልበት ሕመም (ኦስቲዮአርትራይተስ) ላይ የተደረጉ ጥናቶች መጠነኛ የሕመም መቀነስ አሳይተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሽና በአምራቾች የተደገፉ ናቸው። ጂም ቤት የሚጠቀስ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም አለ፤ 15 ግራም ጄላቲን ከቫይታሚን ሲ ጋር ወስደው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገመድ የዘለሉ ወጣቶች ደም ውስጥ የኮላጅን ግንባታ ምልክት ጨምሮ ተገኝቷል። ተሳታፊዎቹ 8 ናቸው፤ ሁሉም ጤነኞች። ከዚህ ተነስቶ የታመመ ጅማት ይድናል ማለት ሩቅ መንገድ ነው። ጡንቻ ለማሳደግ ብሎ የሚወስደው ደግሞ ይበልጥ ይከስራል፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ኮላጅን ውስጥ የለም። የካፌው ሽሮ ከእንጀራ ጋር ለጡንቻ የተሻለ ፕሮቲን ነው። (የሽሮው መቅጠን ሌላ ርዕስ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

ሰውነት ኮላጅንን ራሱ ይሠራል። ለዚህ ግን ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ቫይታሚን ሲም ያስፈልገዋል፤ ሦስቱ ክሮች ተጠምዝዘው የሚጸኑት በእሱ ነው። ሲጠፋ አዲስ የሚሠራው ገመድ የላላ ይሆናል፦ ድድ ይደማል፣ ቁስል አልድን ይላል፣ እግርና መገጣጠሚያ ያማል። በሽታው ስከርቪ ይባላል። የድሮ መርከበኞች በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መትቷል። የሚታደላቸው ራሽን ሆድ ይሞላ ነበር፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን አልነበረበትም። በካምፑ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር በሽታው በረታባቸው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አጠቃ። ሶማሊያ ካሉት መካከል ከኦጋዴን የወጡ ሙስሊም እናቶች ነበሩ። መድኃኒታቸው ብርቱካንና ቅጠላ ቅጠል ነበር።

በመንዝና በግሼ ደጋ ገበታውን የሚይዙት ገብስና ባቄላ ናቸው፤ ብርቱካንና ማንጎ ከቆላ ተጭኖ ካልመጣ አይገኝም። ሆኖም ጎመንና ድንች አለ። ጥሬ ቃሪያም ገበያ ላይ አይጠፋም። አዋቂ ሰው ስከርቪን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይበቃዋል፤ አንድ ሁለት ጥሬ ቃሪያ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በቆልትም አለ፦ ደረቅ ባቄላ ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲበቅል ግን ያወጣል። እሳት ሲበዛ ቫይታሚኑ ስለሚጠፋ ጎመኑንም በቆልቱንም ብዙ አለመቀቀል ነው። ይህን ለእናት መንገር ቆርቆሮ ከመላክ ይቀላል፤ እርግጥ «አንተ ልታስተምረኝ?» የሚል መልስ ሊያስከትል ይችላል።

ጉዳዩ የብርና የቃሪያ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍን። የሚያሳስበን «ቁርጥማት» እና «ሪህ» የሚሉት ቃላት ብዙ በሽታ መሸፈናቸው ነው። የጉሮሮ ሕመም ከያዛት ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ ያበጠ፣ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ክርን የሚዘዋወርባት ታዳጊ እህት ካለችን ነገሩ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው ይሻለዋል፤ የልብ ቫልቭ ግን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ፔኒሲሊን በጊዜው ማግኘትና አለማግኘት የሕይወት ጉዳይ ነው። ዱቄት እየተጠጣ የሚባክነው ወር የእሷ ወር ነው።

ጓያ በብዛት በሚበላበት የሰሜን ሸዋ ጥቁር አፈር አካባቢ፣ በተለይ እህል ባጠረ ዓመት፣ እግሩ ድንገት ተገትሮ በምርኩዝ የሚሄድ ጎልማሳ ጅማቱ የታመመ ይመስላል። የተጎዳው ግን ነርቩ ነው። ለእሱ ኮላጅን ምንም አያደርግለትም፤ ቶሎ መደረግ ያለበት ጓያውን ከገበታው ማንሳት ነው።

ግቢ ውስጥ ደግሞ የራሳችን ጉድ አለ። ሆድ ሲታመም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም የተረከዝን ጅማት ሊበጥስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ካሉ ስቴሮይዶች ጋር ሲወሰድ አደጋው ይብሳል። ጠዋት ኮላጅን የሚጠጣ፣ ማታ በራሱ ትእዛዝ ሲፕሮ የሚውጥ ኳስ ተጫዋች በአንድ እጁ እየሰፋ በሌላው ይቀድዳል። ወለምታ ሲያጋጥመን ወጌሻ ጋ መሄዱም ልክ ይኑረው፤ እስሩ ጠብቆ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ፈትቶ ወደ ሐኪም ነው። የጅማት ኮላጅን እጅግ ቀስ ብሎ የሚታደስ ነገር ነው፤ ለቆየ የጅማት ሕመም የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና ጭነቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ለወራት ማሠራት ነው። ይህን የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ማስታወቂያም የለውም።

አሁን ወላጆቻችን። ከእነዚህ ደጋዎች የመጣን ሙስሊም ተማሪዎች ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ ግን የእናቶቻችን ጉልበት ከጎረቤቶቻቸው ጉልበት አይለይም። የመርሐቤቴን ገደል ሲወጡና ሲወርዱ፣ በግሼ ዳገት ውሃና ጭራሮ በጀርባ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ለዚህ ጉልበት የሚጠቅመው የታወቀ ነው፦ የጭን ጡንቻን ማጠንከር፣ ሸክምን መቀነስ፣ በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ። ከሁሉ የሚያሳዝነው በሶላት ላይ የሚያደርጉት ነው። ተቀምጦ መስገድ ምንዳን የሚያጎድል እየመሰላቸው፣ ከሱጁድ ሲነሱ እያቃሰቱ ጉልበታቸውን ያስገድዳሉ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው በጠየቁ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መቆም ላቃተው የመቀመጥን፣ መቀመጥም ላቃተው የመጋደምን ሩኽሳ ሰጥተዋል። ይህን ለእናቶቻችን የሚነግራቸው ልጅ ይፈልጋሉ።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ የቆርቆሮው ብር ለመጓጓዣና ለካርድ ይዋል። የመርሐቤቴ ልጆች ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለላችሁ፤ የመንዝና የግሼ ልጆች መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለላችሁ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ነው። ዱቄቱን አስቀድማችሁ የገዛችሁም አትጣሉት፤ ከጁሙዓ በኋላ ይዛችሁት ኑ፤ ከጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችን ጋር ጀርባው ላይ የተጻፈውን አብረን እናነብበዋለን።