የሱባ ደን ለአምበር አካባቢ ገበሬዎች የሚሰጠው ትምህርት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በአገራችን ረጅም የጥበቃ ታሪክ ካላቸው ደኖች አንዱ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ደኑን የሚጎበኝ ሰው በጥድ፣ በዝግባና በወይራ መካከል ሲያልፍ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ሊያይ ይችላል።

ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ አጠገብ ይህ ደን እንዴት ተረፈ? አንዱ ምክንያት የመንግሥት ጥበቃ ሲሆን፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ በማለቁ፣ አፄ ምኒልክ መዲናውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ባይደርስ ኖሮ የነባሩ ደን ጉዳት በከፋ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥበቃ ብቻውን ደንን አያቆምም። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት በዘመቻ የተተከሉ በርካታ ደኖች በየአካባቢው ተጨፍጭፈዋል። ገበሬው የዛፍ ጥቅም ጠፍቶት ሳይሆን፣ ደኑ የእኔ ነው ብሎ ስላላመነ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ከባለቤትነት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ማወቁ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከአምበር እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው አገር ጉዳዩ የዕለት ኑሮ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይወስዳል፤ ነባር ዛፍም በአብዛኛው የቀረው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ተዳፋት ከመከለላቸው በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ከአባላት ጋር ሊመክሩባቸው ይገባል። ሣሩን ማን፣ በየትኛው ተራ ያጭዳል? ማገዶ ከየት ይገኛል? ዝንጀሮ ማሳ ሲገባ ማን ይጠብቃል?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። ደን ሲያገግም አውሬ መመለሱ አይቀርም፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ግን ደኑ ዳር በሚያርሰው ገበሬ ላይ ነው። ለዚህ ገበሬ ከሣሩ ቅድሚያ መስጠትና የማሳውን ጥበቃ በደቦ ማድረግ ተገቢ ነው። ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ለአባላት ሁሉ ሊነበብ ይገባል።