ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ

የምረቃ ወራት በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ ይኸውም የቃለ መጠይቅ ነገር ነው። «ምን ጠየቁህ? ምን መለስሽ?» ይባላል፤ የተዘጋጀም መልስ እንደ ፈተና ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እኛ ግን የሰው መልስ ሸምድዶ መግባት አይጠቅምም እንላለን።

«ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ከሁሉ የከበደ ነው። አስተዳደጋችን በታላቅ ፊት አንገት መድፋትን፣ ራስንም አለማመስገንን አስተምሮናል። ጠባዩ መልካም ነው። ነገር ግን ጠያቂው የሚሻው ውዳሴ ሳይሆን ማስረጃ ነው። «ታታሪ ነኝ» ማለት ራስን ማመስገን ነው፤ «ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰማንያ ገበሬዎችን ቃል በሁለት ወር ሰብስቤ አቀረብሁ» ማለት ግን ሥራን መናገር ነው። ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው እንኳ ይህን ሳያፍር ሊናገረው ይችላል።

ስለ ድክመት ለሚቀርበውም ጥያቄ «ሥራ አብዝቼ መውደዴ ነው» ብሎ መመለስ ማንንም አያታልልም። እውነተኛውን ጉድለት ከማረሚያው ጋር መናገር ይሻላል። የማያውቁትን «አላውቀውም፤ በዚህ መንገድ ግን ፈልጌ አገኘዋለሁ» ማለት፣ በእንግሊዝኛ የቀረበውም ጥያቄ ካልገባ «ይደገምልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

«የሥራ ልምድ አለህን?» ለሚለው ደግሞ ሕጉ ራሱ ያግዘናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ እንዲያይ ፈቅዶለታል። እንግዲህ አዲስ ምሩቅ በተግባር ልምምድ የሠራውን ከዘረዘረ በኋላ፣ «የቀረውን በሙከራው ጊዜ እዩልኝ» ቢል ድፍረት አይሆንበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ለእኅቶቻችን የሚቀርበው ጥያቄ ነው፤ «መቼ ታገቢያለሽ? ለመውለድስ ታስቢያለሽን?» ይሏቸዋል። ይኸው አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። አሠሪው እነዚህን ቀናት እያሰላ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን በጾታ ምክንያት ማበላለጥን ያው አዋጅ ከልክሏል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። እንዲህ የምትጠየቅ እኅት «የተጠየቀውን ሥራ በሚገባ እፈጽማለሁ፤ የቤቴ ጉዳይ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ቢገልጹልኝ እመልሳለሁ» ብትል ጨዋ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ እንጀራ የምትፈልግ እኅት እንዲህ ብላ ሥራውን ብታጣ ማን ይደርስላታል? ሸክሙን በእርሷ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ፍርድ አይደለም። ዛሬ ተጠያቂዎች የሆንነው ነገ በጠያቂው ወንበር እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ ሥራው ብቻ ለመጠየቅ ከአሁኑ ቃል እንግባ። ባልደረባችን እንዲህ ሲጠይቅ ብንሰማም በዝምታ አንለፈው።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተመራቂውን ሁሉ የሚመለከት ሆኗል፤ እኛም ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ ለምደናል። በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የለም። ስለዚህ በየትምህርቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በቃል ጠይቁን፤ «ለምን?» እያላችሁም አስጨንቁን። ማኅበራችንም በየወሩ አንድ ቅዳሜ ተማሪዎች ጠያቂና ተጠያቂ እየሆኑ የሚለማመዱበትን ጊዜ ቢያዘጋጅ የሚያስፈልገው አንድ ክፍልና ጥቂት ወንበር ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ አሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።