የአሥር ቀን እንግዶች

በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000ዎቹ መግቢያ ላይ ማታ ማታ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሊሸኝ የሄደ ሁሉ ያን ትዕይንት ያስታውሰዋል። ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ከደረታቸው ላይ የታሰረ የሐበሻ ሕፃን፣ የጡጦ ቦርሳ፣ አንድ ትልቅ የሰነድ ፖስታ። ሸኚው ዞር እያለ ያያል። አንዷ «ዕድለኛ! እግዜር ያወጣው ልጅ!» ትላለች። ሌላው ጥርሱን ነክሶ «ተሸጠ!» ይላል። ክርክራችን ይኸው ነበር። ጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲዘጋም ከዚህ ፈቀቅ አላልንም። የመጀመሪያዎቹ አዘኑ፣ ሁለተኞቹ አጨበጨቡ፣ ከዚያ ሁላችንም ወደየጉዳያችን ሄድን።

እኔ ግን እላለሁ፦ ልጁ ዕድለኛም ይሁን የተሸጠ፣ በዚያ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ምን እንደ ነበረ እስካልተጠየቀ ድረስ ክርክሩ ገና አልተጀመረም። ፖስታው የተዘጋጀው እዚሁ ነው፤ በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ማኅተም፣ እንግዶቹ እዚህ በሰነበቱባቸው ጥቂት ቀናት ዙሪያ።

ለመሆኑ ያ ቆይታ ምን ይመስል ነበር? እስከ 2002 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ቤተሰቡ አገሩ ተቀምጦ፣ የጉዲፈቻ ድርጅቱ በውክልና ልደታ ፍርድ ቤት ይቀርብለታል። ውሳኔው ሲያልቅ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሳምንት ያህል ሰንብቶ፣ ከኤምባሲ ቪዛ አስመትቶ፣ ልጁን ይዞ ይመለሳል። ግንቦት 2002 ላይ ፍርድ ቤቱ «ጉዲፈቻ አድራጊው ራሱ ፊቴ ይቅረብ» ማለት ጀመረ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ልጅ የሚወስድ ሰው አገሩን ሳያይ በወረቀት ብቻ አይውሰድ ማለት ነውና። ውጤቱስ? አንዱ ጉዞ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለቪዛው። ሕፃኑን ለጥቂት ቀናት ታቅፈው፣ ጠረናቸውን አስለምደው፣ መልሰው ለሞግዚት አስረክበው ለሳምንታት ወይም ለወራት መለየት መጣ። ዳኛው ፊት የሚቆሙበት ጊዜ ግን አንድ ጀበና ቡና አፍልቶ አቦሉን ለመቅዳት እንኳ አይበቃም።

የተረፈውን ቀን እንግዶቹ ምን ያደርጉበታል? በጌስት ሐውሱ ሳሎን ቡና ይፈላላቸዋል፤ ፈንድሻው ይበተናል። ሾፌሩ እንጦጦ ያወጣቸዋል፤ ሽሮ ሜዳ ያወርዳቸዋል። እዚያ የሐበሻ ልብስ በየልኩ ይገዛሉ፤ አንዱ ለሁለተኛ ዓመት ልደት፣ አንዱ ለአምስተኛ፣ አንዱ ለአሥረኛ። (በዚህ የሚስቁ ነበሩ፤ እኔ አልሳቅሁም። ልጁን ከአገሩ ጋር የሚያገናኝ ነገር ፈልገው ያገኙት እሱን ነበር።) ማታ የባህል ምግብ ቤት፣ ክትፎና እስክስታ። ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም። የ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን በጥሞና ጎብኝተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይወጣሉ። ከ230 ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ ሆሳዕና አካባቢ በሕይወት ላለችው የልጁ እናት የተመደበው ጊዜ፣ እሱም ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባ፣ አንድ ሰዓት ነበር።

ያን አንድ ሰዓት ዐውቀዋለሁ። ጋዜጠኝነት ስማር ለኪስ የሚሆን ፍራንክ ፍለጋ ለእንደነዚህ ያሉ እንግዶች ለጥቂት ሳምንታት አስተርጓሚ ሆኜ ነበር፤ ሁለት ጊዜም አብሬያቸው ወደ ደቡብ ወርጃለሁ። እናቲቱ የምትናገረው በሀዲይኛ ነው። አንድ የማሳደጊያው ሠራተኛ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ። ሴትዮዋ ዐይኗን ከሕፃኑ ሳትነቅል ብዙ ተናገረች፤ ሦስት ደቂቃ ያህል። ሠራተኛው ወደ እኔ ዞሮ «ደስ ብሏታል፤ ታመሰግናለች» አለኝ። «ከዚያ በላይ ነው እኮ የተናገረችው» ብለው «ዋናው እሱ ነው» አለ። ከመለያየታችን በፊት ግን እሷው ራሷ በተሰባበረ አማርኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ደብዳቤው በየትኛው ወር ነው የሚመጣው?»

ይህች ሴት ልጇን አልሸጠችም። ልጇን ጣለችም አይባልም። እሷ የገባት ጉዲፈቻ ነው፤ እንግዶቹ የገባቸው ደግሞ ሌላ። እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና።

ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል የወሰድነው ቃል ነው። አማራውም በፊናው የጡት ልጅ፣ የማደጎ ልጅ ይላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፤ ወላጆቹ ግን ከምድር አይጠፉም። ሠርግና ለቅሶ ያገናኛቸዋል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችንም ይህን ጠብቋል፤ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ጉዳይ ተጋጭቶ መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የአሳዳጊው ወገን ይቀድማል። ልደታ የተሰጠው ውሳኔ በዚህ ሕግ የተሰጠ ነው። ልጁ አሜሪካ ሲገባስ? እዚያ ጉዲፈቻ ማለት የወላጅና የልጅ ዝምድና በሕግ ተቆርጦ አዲስ ዝምድና መተካት ነው። የልደት ሰርተፊኬቱ እንኳ በአሳዳጊዎቹ ስም እንደ አዲስ ይጻፋል። አንድ ወረቀት በሁለት አገር ሁለት ትርጉም ነበረው ማለት ነው። ልደታ ላይ «ዘመድ ተጨመረ» ይላል፤ ዋሽንግተን ሲደርስ «ዘመድ ተሰረዘ» ይላል። በዚያ የአሥር ቀን ቆይታ ውስጥ ይህን ልዩነት ለእናቲቱም ሆነ ለእንግዶቹ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የማን ሥራ ነበር? ለእስክስታው ሰዓት ተመድቦለታል፤ ለዚህ ግን አልተመደበም።

ሁለተኛው ቃል ደግሞ አለ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለእንዲህ ያለ ልጅ ቪዛ የሚሰጠው «ወላጅ አልባ» ብሎ ነው። በሕጉ ትርጓሜ መሠረት አንድ ወላጅ በሕይወት እያለም፣ ልጁን በአግባቡ ማሳደግ የማይችልና ላይመለስ በጽሑፍ የለቀቀ ከሆነ፣ ልጁ ወላጅ አልባ ይባላል። እኛ ቋንቋ ውስጥ እናቱ ደጅ ላይ ቆማ እያለች ልጇን የሙት ልጅ የሚል ሰው ቢገኝ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል። እንግዶቹ ግን አገራቸው ተመልሰው ለጎረቤት የሚነግሩት በዚያ ቃል ነው። ልጁም ስለ ራሱ እያመነ የሚያድገው ያንኑ ነው።

«የቃላት ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰደች ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ በረሃብ ተጎሳቁላ በብርድ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ጥፋተኛ ተባሉ። ለክሱ ደግሞ የልጅቷ ዕድሜ ወሳኝ ነበር፤ በእናትየዋ ላይ የቀረበው ዋና ክስ ሟቿ ከ16 ዓመት በታች መሆኗን ማስረዳትን ይጠይቅ ነበርና። ከአገሯ ይዛው በሄደችው ፋይል ውስጥ ግን የሚታመን የልደት ቀን አልተገኘም። አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ጥርሷና አጥንቷ ተመረመረ። እኛ በማኅተም አስጊጠን የላክነው ወረቀት «ይህች ልጅ መቼ ተወለደች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። አሳዳጊ ሁሉ እንደነዚያ ነው አላልሁም፤ ልጆቻቸውን እንደ ዐይን ብሌን ያሳደጉ እጅግ ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ግን ለደጉም ለክፉውም አንድ ዓይነት ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ልሁን፤ ስለሱ ብዙ ተወርቷል። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለእንዲህ ያለ ጉዲፈቻ በጠቅላላው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በእነሱ የበጀት ዓመት አቆጣጠር በ2010 አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺህ 500 በላይ ልጆቻችንን ተቀብላለች፤ ያን ዓመት የሚበልጠን ቻይና ብቻ ነበረች። ጉዳዩ ሲበረታ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር መጋቢት 2003 ላይ በቀን ከ5 በላይ ፋይል አላይም አለ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ የደቡብ ካሮላይና ጉዲፈቻ ድርጅት ኃላፊዎች ከኢትዮጵያ ልጆች ለመውሰድ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ተብለው በአገራቸው ተከሰሱ፤ በኋላም ጥፋታቸውን አመኑ። ጥቅሙ ግን እዚያ ብቻ አልቀረም። ጌስት ሐውስ የከፈተው፣ መኪና ያከራየው፣ ሰነድ የተረጎመው፣ ማሳደጊያ ያቋቋመው የእኛው ሰው ነው። «ፈረንጅ ልጆቻችንን ወሰደ» እያልን የምንፎክር ሰዎች ሻንጣውን ማን እንደ ጫነለት ብንናገር መልካም ነበር።

እንግዲህ በሩ ተዘጋ። መዘጋቱን አልቃወምም። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የውጭ አገር ጉዲፈቻ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን ይላል፤ እኛ ዘንድ አንደኛ ሆኖ ነበር። የምቃወመው ከበሩ ጋር ፋይሉም አብሮ መዘጋቱን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጨቅላ ሆነው የሄዱት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ተመልሰው እየመጡ ነው፤ የሚያርፉትም ያው ወላጆቻቸው ያረፉበት ሰፈር ነው። ማሳደጊያውን ሲፈልጉ ተዘግቷል፤ ድርጅቱን ሲፈልጉ ከአገር ወጥቷል። የቀራቸው በክፍያ ቤተሰብ የሚያፈላልግ ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሐቀኞች አሉ። ነገር ግን አንድ ሰው የገዛ እናቱን ስም ለማወቅ ለምን ይከፍላል? የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ ኢትዮጵያ ከተቀበለችው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ልጅ በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት አለው ይላል።

ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። ከኮሪያ ጦርነት ወዲህ ልጆቿን በገፍ የላከች አገር ናት። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኗ ወላጅ እያላቸው «ወላጅ አልባ» ተብለው የተመዘገቡ፣ ማንነታቸው የተቀየረ ልጆች እንደ ነበሩ አረጋግጦ መንግሥት ይቅርታ ይጠይቅ አለ። እዚያ ለመድረስ ዐሥርት ዓመታት ፈጀባቸው፤ ከእናቶቹ ብዙዎቹ በዚህ መካከል አርፈዋል። የእኛዎቹ እናቶች ግን ገና በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። የልደታው መዝገብ ቤትም እንደ ቆመ ነው። የተዘጉት ማሳደጊያዎች ሰነድ ከየመጋዘኑ ይሰብሰብ፤ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ልጅም እናትም ሲጠይቁ በነጻ ይሰጥ። ይህ ኮሚሽን አያስፈልገውም፤ ጥቂት ጸሐፊዎች፣ መደርደሪያና ፈቃደኝነት ይበቃዋል።

ለዚህ ደግሞ ሌላ ሰነድ አለ፤ ማንም ያነሣው አይመስልም። እንግዶቹ ልጁን ሲወስዱ ሪፖርት ለመላክ ግዴታ ገብተው ነበር። በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ፣ ከነፎቶግራፉ። ተቀባዩ ሚኒስቴሩ ነው። ስሙ ተለዋውጦ ዛሬ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተብሏል፤ ግዴታው ግን ከስሙ ጋር አልተለወጠም። በ2009 ዓ.ም. ተወልዶ የሄደ ጨቅላ 18 ዓመት የሚሞላው በ2027 ዓ.ም. ነው። ሪፖርቶቹ ዛሬም መምጣት አለባቸው ማለት ነው። ሚኒስቴሩ ስንቱ እንደ መጣ፣ ስንቱ እንደ ቀረ፣ የመጣውም በሀዲይኛ፣ በወላይትኛ፣ በከምባትኛ ተነብቦላቸው የሰሙ እናቶች ስንት እንደሆኑ ይንገረን።