አጃቢው ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የየአጥቢያው አባቶችና እናቶች፣ ይህ ቃል ለወጣቶቹ የተጻፈ ተግሣጽ አይደለም፤ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። የጥምቀት በዓላችን ከእጃችን እየወጣ ነው። ማንም አልነጠቀንም፤ ዳር ይዘን ስለተቀመጥን ነው።

ሥርዐቱ እንዴት እንደተሠራ አስቡ። አባቶች እንዳስተማሩን፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ ታቦት ወደ ወንዝ ወርዶ በዕለቱ ወደ መንበሩ ይመለስ ነበር። ቅዱስ ላሊበላ በየፊናቸው ይወርዱ የነበሩት ታቦታት በአንድ ስፍራ እንዲሰበሰቡ አደረጉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በውኃው ዳር እንዲያድሩ ደነገጉ። ዐፄ ናዖድ ደግሞ ሕዝቡ ታቦቱን ሲወርድም ሲመለስም እንዲያጅብ አዘዙ። ልብ በሉ፦ ሕዝቡ ቆሞ ይመልከት ያለ አንድም ንጉሥ የለም። ሽማግሌው በመቋሚያው፣ እናት በእልልታዋ፣ ልጅ በጭብጨባው የጉዞው አካል ነበሩ።

ተመልካች ስንሆን ምን እንደሚመጣ አይተናል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በቦጎታ ባደረገው ስብሰባ ጥምቀትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከ40 ቀን በኋላ፣ ጥር 11 ቀን፣ ጎንደር ላይ በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ከነሰዉ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። በነጭ ልብስ አጊጠው ለበረከት የወጡ ሰዎች ሬሳቸው ተመለሰ። ዓለም ቅርሳችሁ ነው ብሎ ሲመዘግብልን፣ እንጨቱ ይህን ሁሉ ሰው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ ጃንሜዳ በሚወስደው መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ልጆች እዩአቸው። ታቦቱ ያለፈበትን ቀይ ምንጣፍ ከኋላ ይጠቀልሉና በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሕዝቡ ጎን ሮጠው፣ ከካህኑ እግር ቀድመው ከፊት ይዘረጉታል። ካህኑ ታቦቱን በራሱ ተሸክሞ በዝግታ ሲራመድ እነርሱ ላባቸው እየተንጠባጠበ ይሮጣሉ። በ2012 የአትክልት ተራ ገበያ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ሜዳው ሲበላሽም፣ ለቀጣዩ ዓመት ጥምቀት አካፋና መጥረጊያ ይዘው ያጸዱት ወጣቶች ነበሩ። ጉልበቱም ፍቅሩም አላቸው። ነገር ግን በመንታ መንገድ ላይ የሁለት አጥቢያ ታቦታት ሲገናኙ የትኛው ይቀድማል፣ ማንስ ቆሞ ይጠብቃል ብለው ሲጠይቁ፣ የሚመልስላቸው ሽማግሌ ከአጠገባቸው የለም። ድንኳን ሥር ወንበር ይዟል፤ አለዚያም ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያያል።

ጉልበታችን ደክሟል የምትሉ፣ እውነት ነው ደክሟል። ዕውቀት ግን በጉልበት አይተላለፍም። መራመድ የማይችል ከደጀ ሰላሙ ቁጭ ብሎ ያስተምር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ስንል ኖረናል፤ ለጥምቀት ያልሆነ ሽምግልናስ ለምን ቀን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ጥር ሳይገባ ይህን አድርጉ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ተቀመጡ፤ ታቦቱ የሚሄድበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብራችሁ ሂዱበት፤ የት እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚቆም ንገሯቸው። ሕዝብ የሚወጣበት ርብራብ ካለ፣ ባለሙያ አይቶ ይችላል ሳይል ማንም እንዳይወጣበት ከልክሉ፤ ባለሥልጣንም ቢቆጣ አትፍሩ። በከተራ ዕለት የልጅ ልጃችሁን ስልኩን አስቀምጦ እጃችሁን እንዲይዝ አድርጉና ቢያንስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ዋናው መንገድ አጅቡ።

እኛ ይህን የተቀበልነው ከፊታችን ከነበሩት እጅ ነው፤ እነርሱ አልሰሰቱብንም። ሳናስተምር ብናልፍ የምናውቀው ከእኛ ጋር ይቀበራል፤ በፈጣሪም በልጆቻችንም ፊት እንጠየቅበታለን።