ፊልሙ ይቀጥል፣ ሞንታርቦው ይቅር

ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥሮ በፕሮጀክተር ፊልም ማሳየት ደግ ነገር ነው። በሩን ዘግቶ የሚኖር ጎረቤት ወንበሩን ይዞ ይወርዳል፤ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ልጅም ቀና ይላል። ነገሩ የሚበላሸው አዘጋጆቹ ለሰርግ የሚከራየውን ሞንታርቦ ሲያቆሙ ነው። ያን ጊዜ ፊልሙን የሚያየው አንድ ብሎክ፣ የሚሰማው ግን መላው ሰፈር ይሆናል። አራስ አለች፣ ለፈተና የሚያጠና አለ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ ጥበቃ አለ። በማግስቱ ኮሚቴው ቢከለክል ምን ይገርማል?

ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ከተመልካቹ ግራና ቀኝ ቀረብ ብለው ቢቀመጡ፣ ብዙ መጮህ አያስፈልጋቸውም። በብሎኮች መካከል ግን ግድግዳው ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ ባሱን መቀነስ ግድ ነው። (ርካሽ ፕሮጀክተር ካርቶን ላይ የሚጻፈውን የሉመን ቁጥር ማመን ደግሞ ሌላ የዋህነት ነው።)

አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጨልሟል። ያኔ የተጀመረ የሁለት ሰዓት ፊልም 3 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ማንም እንቅልፉን አያጣም። «ያለ ሞንታርቦ አይደምቅም» የሚል ካለ መጀመሪያ የአራሷን በር አንኳኩቶ ይጠይቅ።