የጀልባ ወለል ሲሰፋ ሚዛኑን ማን ይለካል?

ባለፈው ዓመት ለኮርስ ማሟያ ያቀረብሁት የጀልባ ማሻሻያ ንድፍ የሚኮራው በሁለት ቁጥሮች ነበር። አንደኛው የተጨመረው የወለል ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ ማማለያ ዓሣ በሕይወት የሚቆይበት ገንዳ የሚይዘው 600 ሊትር ውኃ ነው። ጀልባው 8 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ወርድ ያለው ሲሆን፣ የታሰበውም በጫሞ ሐይቅ በመንጠቆ መስመር ለሚያጠምዱ ሰዎች ነበር። ንድፉ ጥሩ ውጤት አግኝቶ ካለፈ በኋላ አርባ ምንጭ ወርጄ ለአንድ አንጋፋ ዓሣ አጥማጅ አሳየሁት። እርሳቸው ስለ ስፋቱም ሆነ ስለ ሊትሩ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ነፋሱ ከጎን ሲመታን ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ አስተያየት ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። አቋሜም የሚከተለው ነው፤ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባን ለማሻሻል የሚቀርብ ማንኛውም የምረቃ ጥናት የጀልባውን ሚዛን ከማሻሻያው በፊትና በኋላ አስልቶ ካላሳየ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም። የተገኘው ስፋትና የተያዘው ሊትር ብቻቸውን የጥናት ውጤት አይደሉም።

በቅድሚያ የማሻሻያው ፍላጎት ተገቢ መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። በጠባብ ጀልባ ውስጥ መረብ፣ የመንጠቆ ገመድ፣ የተያዘ ዓሣና ሰው ይተፋፈጋሉ፤ መንጠቆ እግር ይወጋል፣ ገመድ ይጠላለፋል። ናይል ፐርችን የመሰለ አዳኝ ዓሣ ደግሞ ከሞተ ይልቅ ለሚንቀሳቀስ ማማለያ ይሳባል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ለዚሁ ሥራ የአምባዛ ጫጩት በእርባታ ኩሬ እየተፈለፈለ ለአጥማጆች ይሸጣል። ጫሞም የናይል ፐርች መኖሪያ በመሆኑ ይህ ልምድ የእኛን ተመራማሪዎች ትኩረት ቢስብ አያስደንቅም። ችግሩ ያለው ፍላጎቱ ላይ ሳይሆን ስሌቱ ላይ ነው።

ገንዳ ውስጥ ያለ ውኃ እንደ ጆንያ እህል በተቀመጠበት የሚቆይ ጭነት አይደለም። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ውኃውም ወደ ቀኝ ይፈሳል፤ ጀልባውን ሊመልሰው ከሚገባው ኃይል ላይም ይቀንሳል። የባሕር ምህንድስና ይህን የነፃ ውኃ ገጽ ውጤት ይለዋል። አራት ማዕዘን ለሆነ ገንዳ ስሌቱ ቀላል ነው። የገንዳው ርዝመት በወርዱ ኩብ ይባዛል፣ ለ12 ይካፈላል፣ ከዚያም ጀልባው ከነጭነቱ ለሚገፋው የውኃ መጠን ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ጀልባው ከሜታሴንትሪክ ቁመቱ፣ ማለትም ተዘንብሎ የመመለስ ችሎታው ከሚለካበት ርቀት፣ የሚያጣው ነው።

የእኔን ንድፍ በዚህ እንመዝነው። ጀልባው ከነጭነቱና ከነገንዳው 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝን 2 ሜትር ኩብ ውኃ ይገፋል። ገንዳው 1.5 ሜትር በ1 ሜትር ሲሆን፣ ውኃው 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ፊት ለፊት ሰፊ ወለል ለማትረፍ ስል ረጅሙን ጎን በጀልባው አግድመት አስቀምጬው ነበር። በዚህ አቀማመጥ የሚታጣው ቁመት 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ያው ገንዳ ዞሮ ረጅሙ ጎኑ በጀልባው ቁመት ቢቀመጥ ኪሳራው ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚህ አቀማመጥ በመካከሉ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ መለያያ ግድግዳ ቢጨመርበት ደግሞ ወደ 1.6 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ ሩብ ይቀንሳል። መለያያው በአግድመት ከሆነ ግን ወደ ጎን ለሚሆነው ማዘንበል የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሊትሩ በሁሉም አንድ ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገርም አለ። ነፋስ ሲነሣ ግማሹን ውኃ መድፋት ጀልባውን የሚያረጋጋ ይመስላል። ቀመሩ ውስጥ ግን ጥልቀት የለም። 20 ሳንቲ ሜትር ውኃ ከ40 ሳንቲ ሜትር እኩል ያወዛውዛል፤ እንዲያውም ታች የተቀመጠው ክብደት ስለሚቀንስ ጀልባው ሊብስበት ይችላል። የሚሻለው ገንዳውን እስከ አፉ ሞልቶ በክዳን መግጠም፣ አለዚያም ፈጽሞ ባዶ ማድረግ ነው።

ወለሉን ከፍ ማድረግም ዋጋ አለው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት ሰዎች ቀድሞ ከቆሙበት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቢቆሙ፣ የዚያው የ2,000 ኪሎ ግራም ጀልባ የክብደት ማዕከል ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። የሳንቃው ክብደት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በተጨማሪም ጀልባው በውኃው ገጽ ላይ 10 ካሬ ሜትር ቢይዝ፣ 600 ኪሎ ግራም ውኃ 6 ሳንቲ ሜትር ያሰምጠዋል። ዝቅተኛ ግድግዳ ላለው ክፍት ጀልባ ይህ በማዕበልና በጀልባው ውስጥ መካከል ያለው ርቀት ነው። አዞ በሞላበት በጫሞ ሐይቅ ደግሞ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመዋኘት ችሎታው ብቻውን አያድነውም።

ታዲያ ማማለያው በምን ይቀመጥ? እዚህ ላይ ከሌላ አገር የተቀዳ የገንዳ መጠን የሚያሳስትበት ሌላ ምክንያት አለ። በባሕር ወለል ከፍታ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ጨው አልባ ውኃ ቢበዛ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጫሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ በመሆኑ የአየር ግፊቱ ያንሳል፤ በዚያው ሙቀት ውኃው የሚይዘው ወደ 7.2 ሚሊ ግራም ነው። ጣና ላይ ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የተሰላ ገንዳ እኛ ዘንድ ያንኑ ያህል ዓሣ አያኖርም። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ገንዳውን ማስፋት ነው። የእኔ መልስ ግን ተቃራኒው ነው፤ ገንዳው ይነስ፣ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይለወጥ።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የማልዲቭስ አጥማጆች ቱና ለመያዝ የሚጠቀሙበትን ትናንሽ ዓሣ የሚያኖሩት በጀልባው ሆድ ውስጥ ባለ ክፍል ነው። ውኃ በቀዳዳ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ጀልባዎቹ በሞተር መንቀሳቀስ እስኪጀምሩ ድረስ መርከበኞቹ ትርፉን በእጅ እየቀዱ ያፈስሱ ነበር። ከዚህ የምንማረው የክፍሉን ስፋት አይደለም። ማማለያውን በሕይወት ያቆየው የውኃው መለዋወጥ ነው። በእርግጥ ቀዳዳ ያለው ክፍል ከጀልባው ተንሳፋፊነት ስለሚቀንስ እንዲሁ መቅዳት አይገባም፤ እርሱም ስሌት ይፈልጋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «አጥማጆቹ ልምድ አላቸው፣ ስሌት አያስፈልጋቸውም» የሚል ነው። ልምዳቸውን አከብራለሁ፤ ስሕተቴን ያየው እርሱ ነውና። ነገር ግን ልምድ የሚያውቀው የኖረበትን ጀልባ ነው። እኛ ወለሉን አንሥተን ገንዳ ስንጨምርበት ሰውየው የሚያውቀውን ጀልባ ወስደን የማያውቀውን እንሰጠዋለን። ሁለተኛው «ለማስተርስ ተማሪ የመለኪያ መሣሪያ የለም» የሚል ነው። ለመጀመሪያ ፍተሻ ግን የእጅ ሰዓት ይበቃል። ጀልባው በጸጥታ ውኃ ላይ ከጎን ወደ ጎን ተወዛውዞ የሚመለስበት ጊዜ በሰከንድ ይለካል። የጀልባው ወርድ በሜትር በ0.8 ተባዝቶ ለዚህ ጊዜ ይካፈላል፤ ውጤቱም በራሱ ሲባዛ ግምታዊው ሜታሴንትሪክ ቁመት ይገኛል። ለ2 ሜትር ወርድ፣ 2 ሰከንድ ማለት 64 ሳንቲ ሜትር፣ 2.5 ሰከንድ ማለት 41 ሳንቲ ሜትር ነው። የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ከሲሶ በላይ የሚሆነው የመመለስ ችሎታ እንደ ጠፋ ያስጠነቅቃል። ይህ ሙሉውን ስሌት አይተካም፤ ችላ ለማለት ግን ምክንያት አያስቀርም።

ስለዚህ ለአማካሪዎችና ለገምጋሚዎች የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ጀልባ ለማሻሻል በሚቀርብ ንድፍ ሁሉ ሦስት ነገሮች ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ይጠየቁ፤ ሜታሴንትሪክ ቁመት፣ ከውኃ በላይ የሚቀረው ግድግዳ ከፍታ፣ እንዲሁም በሰዓት የተለካ የመወዛወዝ ጊዜ። ለሚያውቅ ተማሪ ይህ ከአንድ ገጽ አያልፍም።

እኔም ንድፌን ለውጫለሁ። ገንዳው አሁን 1.5 ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በጀልባው መካከለኛ መስመር ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቷል፤ 300 ሊትር ይይዛል፣ ክዳን አለው፣ ውኃውም በትንሽ ፓምፕ ይለወጣል። ውኃው በመወዛወዙ የሚታጣው ቁመት ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ወለሉን ወደ ቀድሞው ከፍታ መልሼዋለሁ። የተገኘው ስፋት ከመጀመሪያው ንድፍ ያንሳል፤ በድጋሚ አርባ ምንጭ ስወርድ ግን ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ለእኚያ አባት በቁጥር መናገር እችላለሁ።