ቴሌግራም በቤተ መጻሕፍት አገልግሎት

ቤተ መጻሕፍት አገልግሎቱን ለማቀላጠፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ መጠቀሙ ተገቢ ነውን? በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ወሰኑን ለይቶ ማወቅ ያሻል።

አንድ ተማሪ የሚፈልገው መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ብቻ ረጅም መንገድ ተጉዞ ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አዲስ የገቡትን መጻሕፍት ዝርዝርና የአገልግሎቱን ሰዓት በቴሌግራም ቻናል ቢያሳውቅ፣ አንባቢም ጥያቄውን በዚያው ቢያቀርብ፣ ከንቱ ድካም ይቀራል። ሠራተኛውም የትኛው መጽሐፍ ይበልጥ እንደሚፈለግ ይረዳል።

መጽሐፉን ራሱን ከዳር እስከ ዳር በፒዲኤፍ ቀድቶ ለሺህ ሰው መበተን ግን ሌላ ነገር ነው። «የመጽሐፍ ዋጋ ተወዷል፤ ዕውቀት ለድኻውም ይዳረስ» የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን በደራሲው ኪሳራ ሊሆን አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ደራሲው ከድካሙ ካልተጠቀመ ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ዐቅሙ ያሳትማል? ጊዜው ያለፈበትን ወይም ደራሲው የፈቀደውን ማዳረስ ግን የሚያስመሰግን ተግባር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ መጽሐፉ የሚገኝበትን ቤተ መጻሕፍት በስልካችሁ ፈልጉ፤ ለጓደኞቻችሁም ጠቁሙ። ያልተፈቀደ ቅጂ ሲደርሳችሁ ግን አታስተላልፉ። እንዲህ ከሆነ እናንተም መጽሐፍ ታገኛላችሁ፤ ደራሲውም ብዕሩን አይሰቅልም።